ቦያችን የተለካው በድሮ ዝናብ ነው

(በአዳማ ለነዋሪዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከሥራ መልስ ደክሟችሁ ሳለ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወጣቶች በርከት ብላችሁ በመምጣታችሁ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል። የምናወራው ነገር ከእኛ ዕድሜ ይልቅ የእናንተን የሚነካ ነው።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የዋልታው በረዶ ነው። እኔ ከዚሁ ከደጃችን፣ ከቦኩ ተራራ ልጀምር።

አዳማ የተቀመጠችበትን ቦታ አስቡት። ዙሪያዋን ጋራና ኮረብታ ነው፤ ከተማዋ መሐል ላይ ዝቅ ብላለች። ከላይ የሚወርድ ውሃ መንገዱ በእኛ በኩል ነው። ክረምት ላይ አንድ ሰዓት የማይሞላ ዶፍ ሲጥል የሚሆነውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አስፋልቱ ወንዝ ይሆናል። ባጃጁ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ታች ሰፈር ያለ ሰው ፍራሹን ቁም ሳጥን ላይ ይሰቅላል። ባለሱቁ ስኳሩንና ዱቄቱን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያወጣል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ደለል መዛቅ ነው።

እስቲ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ሄክታር ኮረብታ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል የወረደው ውሃ 400,000 ሊትር ነው። 10,000 ሊትር በሚይዝ የውሃ ቦቴ ብትጭኑት 40 ቦቴ ይሞላል። ይህ ከአንድ ሄክታር ብቻ ነው። ኮረብታው ሣርና ቁጥቋጦ ካለው፣ እርከን ካለው፣ ብዙውን መሬቱ ይጠጣዋል። ተራቁቶና ደርቆ ከሆነ ግን ቶሎ ወደ ታች ይለቀዋል። አሁን በዙሪያችን ስንት ሄክታር የተራቆተ ጋራ እንዳለ በዓይነ ሕሊናችሁ ቃኙ።

ይህን ውሃ እንዲሸከም የተሠራው ቦይ ስፋቱ በምን ተወሰነ? የንግግሬ ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። እኔ ራሴ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በውሃ ሥራ ላይ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

መሐንዲስ ቦይ ወይም ድልድይ ሲነድፍ መጀመሪያ የሚጠይቀው “እዚህ ቦታ ምን ያህል ኃይለኛ ዝናብ ይጥላል?” ብሎ ነው። መልሱን የሚያገኘው ከድሮ የዝናብ መዝገብ ነው። መዝገቡን ይዞ ያሰላል። በአማካይ በ10 ዓመት አንዴ የሚመጣው ዶፍ ይህን ያህል ነው፣ በ50 ዓመት አንዴ የሚመጣው ይህን ያህል ነው ይላል። ለሰፈር ቦይ አነስተኛውን ይወስዳል። ለትልቅ ድልድይ ከባዱን ይወስዳል። ዓለም ሁሉ እንዲህ ሲሠራ ኖሯል፤ አሠራሩ ነውር የለበትም። ግን ከሥሩ አንድ እምነት አለ። የነገው ዝናብ እንደ ትናንቱ ይሆናል የሚል እምነት። የፈረሰው እሱ ነው።

ለምን ፈረሰ? አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ይህ የታወቀ የፊዚክስ ሕግ ነው። ሞቃት አየር ከመሬት፣ ከቅጠል፣ ከኩሬ እርጥበቱን አብዝቶ ይመጥጣል። ስለዚህ ዝናብ ሲቀር መሬቱ ከበፊቱ ፈጥኖ ይደርቃል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ደመናው የተሸከመው ብዙ ስለሆነ በአንዴ ይዘረግፈዋል። ብዙ ሰው “አንዴ ድርቅ ትላላችሁ፣ አንዴ ጎርፍ ትላላችሁ፣ የቱን እንመን?” ይላል። ሁለቱንም እመኑ። ምክንያታቸው አንድ ነው።

ሙቀቱን የሚጨምረው ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል፤ በትምህርት ቤት የተማራችሁት ስለሆነ አልቆይበትም። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከምድር ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀት፣ ሌሊት እንደደረብነው ጋቢ፣ አፍኖ ያስቀራል። ፋብሪካ ዓለምን ከመሙላቱ በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 280 እጅ ገደማ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ሃዋይ ውስጥ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ በተከታታይ መለካት ሲጀመር 315 አካባቢ ደርሶ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። በዚሁ አቆጣጠር 2024 ደግሞ የዓለም አማካይ ሙቀት ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ በላይ ሆኖ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ዓመት ሆነ።

“ምድር ድሮም ሞቃ ቀዝቅዛ ታውቃለች” የሚል ሰው አለ። እውነቱን ነው፤ ታውቃለች። የሚያስፈራኝ ፍጥነቱ ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን አልቆ ዓለም ወደ አሁኑ ሁኔታ ስትመጣ ሙቀቷ 5 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ያን ለማድረግ ግን ወደ 10,000 ዓመት ወስዶባታል። ብታካፍሉት 0.2 ዲግሪ ለመጨመር በአማካይ 400 ዓመት ማለት ነው። አሁን 0.2 ዲግሪ የሚጨምረው በ10 ዓመት ነው። በ400 ዓመት ውስጥ ሰው ሰፈር ይቀይራል፣ ዛፍ ቀስ ብሎ ወደ ደጋ ይወጣል፣ ገበሬ ዘሩን እያየ ይመርጣል። በ10 ዓመት ውስጥ ግን አንድ ቦይ እንኳን ዕድሜውን አይጨርስም። ዛሬ የምናፈሰው ኮንክሪት 40 እና 50 ዓመት ይቆያል። ሲያረጅ የሚያገኘው ዝናብ ሲወለድ የተለካለት ዝናብ አይደለም።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት እፈልጋለሁ። እያንዳንዱን ድርቅ፣ እያንዳንዱን ጎርፍ የአየር ንብረት ለውጥ አመጣው አልልም። ኤልኒኞ የሚባለው፣ የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ በየጥቂት ዓመቱ ሲሞቅ የሚመጣው የአየር መዛባት፣ ድሮም ነበር። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ዝናቡ ቀርቶ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆኗል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲበላ፣ የመሬቱ መራቆትና ወንዙ ዳር የተሠራው ቤት የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። የድሬዳዋን ነገር የማነሳው ለአዳማ ሰው ስለሚቀርብ ነው። ጋራ ከላይ፣ ከተማ ከታች፣ መሐል ላይ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚከርም አሸዋማ መውረጃ። እንዲህ ደርቆ የሚከርም ወንዝ ያዘናጋል። አባቶቻችን “እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ” ያሉት ዝም ብለው አይደለም።

ነገር ግን ሙቀቱ ድርሻውን ሲያበዛ በግልጽ የታየበት ጊዜ አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሶማሊያና በኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። የቦረና አርብቶ አደር ከብቱ ዓይኑ እያየ አለቀ። ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለ የሳይንቲስቶች ቡድን ይህን ድርቅ መርምሮ፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት የድርቁን ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው አስታወቀ። ዋናው ምክንያት የጠቀስኩት መምጠጥ ነው። የጣለችውንም ጥቂት ዝናብ ሙቀቱ ከአፈሩ ሳብ አድርጎ ወሰዳት። ከዚያስ? በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝናቡ መጣ። መጣና በዚያው አካባቢ ጎርፍ ሆኖ ሰው ገደለ፣ ከድርቅ የተረፈውንም ከብት ወሰደ። የደረቀ መሬት ዶፍ ሲመጣበት አይጠጣም።

አሁን ወደ አዋሽ እንምጣ። ብዙ ጊዜ የምንረሳው እሱን ነው።

የአዳማ ሰው የሚጠጣው አዋሽን ነው። ቧንቧውን ስንከፍት የሚወርደው ከቆቃ ግድብ በታች ተጠልፎ፣ ተጣርቶ የመጣ ውሃ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ባሕር ግን አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። በመንገዱ ላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ በአቃቂ በኩል ይቀበላል። ቆቃ ላይ መብራት ይሰጣል። የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል። የቲማቲምና የሽንኩርት እርሻ በፓምፕ ይስበዋል። ከዚያ ደግሞ አፋር ወንድሞቻችን ከታች ሆነው ይጠብቁታል። አንድ ወንዝ ይህን ሁሉ ተሸክሟል።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር። ታች ላሉት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ጣቢያዎችም ውሃ የሚመጥነው እሱ ነው። ጎርፍም የሚያስታግሰው እሱ ነው። ግን ከላይ ከደጋው የሚታጠበው አፈር ስልሳ ዓመት ሙሉ እየገባበት ነው። ሆዱ በደለል ሞልቷል። መያዝ የሚችለው ውሃ ሲሠራ ከነበረው በጣም ቀንሷል። ይህን ከዝናቡ ጠባይ ጋር አገናኙት። ዝናቡ በጥቂት ቀናት ተጨፍልቆ ሲመጣ፣ ሰፊ ሆድ ያለው ግድብ ያስፈልጋል። ለክረምት ጎርፍ ቦታ እንዲኖረው፣ ለበጋ ድርቅ ስንቅ እንዲይዝ። እኛ ያለን ግድብ ሆዱ የጠበበ ነው። በክረምት ማብቂያ ላይ ሲሞላ ውሃ መልቀቅ ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወንጂና ከዚያ በታች ያሉ መንደሮች ይጥለቀለቃሉ። በበጋ ደግሞ ያጥራል።

ከቆቃ በላይ ያለ አንድ ገበሬ ማሳው ላይ እርከን ሲሠራ የእኛን ቧንቧ እየጠበቀ ነው። ይህን ያህል ተያይዘናል። የከተማ ሰው የተፋሰስ ልማት ሲባል የገጠር ጉዳይ ይመስለዋል። የምንጠጣው ውሃ ጉዳይ ነው።

“አዋሽ ቢያጥር ጉድጓድ እንቆፍራለን” የሚል ሐሳብ ሲነሳ እሰማለሁ። በስምጥ ሸለቆ ይህ ቀላል አይደለም። የመሬቱ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የወንጂ ሰው ይህን በጥርሱ ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ የጉድጓዱን ውሃ የጠጣ ጥርሱ በልዟል። ዕድሜ ልኩን የጠጣውም አጥንቱ ደርቆ ጎብጧል። ፍሎራይድን ማጣራት ይቻላል፣ ግን ወጪ አለው። ስለዚህ የአዳማ ዋስትና አዋሽ ነው። ውሃው ሲሞቅና ማዳበሪያና ፍሳሽ ሲገባበት ደግሞ አረንጓዴው አልጌ ይበዛል። ቆቃ ላይ መርዛማው ዓይነት ታይቷል። እምቦጭም በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው፤ ጣና ላይ ሲወራ ብዙ ሰው አዲስ ነገር መሰለው።

የገበሬውን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በሉሜና በቦሰት ያለ ገበሬ ድሮ የሚዘራበትን ቀን ያውቅ ነበር። ዛሬ ዝናቡ ሲዘገይበት ይጠብቃል፣ ሲዘራ ይቋረጥበታል፣ ሰብሉ ሊያፈራ ሲል ይቆምበታል። የዓመቱ ድምር ላይቀየር ይችላል። ለበቆሎ ግን የዓመቱ ድምር ምኑም አይደለም። ሲያብብ ውሃ ካጣ አለቀ።

እዚህ ላይ የሚያኮራ ነገር አለን። ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ አዋሽ መልካሳ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። መልካሳ የሚል ስም የያዙት የበቆሎ ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። ቶሎ ስለሚደርሱ ዝናቡ ሳይቆም ያፈራሉ። ለቆላ የሚሆን የቦሎቄ ዝርያም አውጥተዋል። የአየር ንብረት ለውጥን መቋቋም ሲባል ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ተማሪ እዚያ ሄዶ ይጎብኝ። አንድ ዝርያ ለማውጣት ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ሙቀቱ በዚህ ፍጥነት ከሄደ ተመራማሪው አውጥቶ ሳይጨርስ አየሩ ይቀየርበታል። ፍጥነቱ ነው የሚጎዳን ያልኩት ለዚህ ነው።

ወባም እንደዚሁ። ሙቀት ሲጨምር ተውሳኩ በትንኟ ውስጥ ቶሎ ያድጋል። ቢሾፍቱ አካባቢ የተሰበሰበ መረጃን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ሞቅ ባለ ዓመት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታ እንደሚወጣ አሳይተዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ያስነሳችው ወረርሽኝ ነበር። ይህቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች። ረግረግ አትፈልግም፤ ክዳን የሌለው ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁሉም ቤት ሮቶ አለ። ስለዚህ ዛሬ ቤት ስትገቡ የሮቶአችሁን ክዳን እዩ። ይህን ለማድረግ የማንንም በጀት መጠበቅ የለብንም።

እሺ፣ ጥፋቱ የማን ነው? አፍሪካ በሙሉ ተደምራ ከዓለም ብክለት ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ከዚያ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። እስከዛሬ ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩቡን ያህል ያወጣችው አሜሪካ ብቻዋን ናት። ይህን መናገር ልመና አይደለም፣ ሒሳብ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሻርም ኤል ሼክ ላይ ለተጎጂ አገሮች የኪሳራና ጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም የተስማሙት በዚሁ ሒሳብ ነው። ገብቶ የሚገኘው ገንዘብ ግን ከጉዳቱ ጋር አይቀራረብም። በ2020 ዓ.ም. 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። ያን ጊዜ ዓለም አፍንጫችን ሥር ይመጣል። የነዳጅና የድንጋይ ከሰል ማቃጠል በፍጥነት ካልቀነሰ እኛ የምንሠራው እርከንና ቦይ አይበቃም። ይህን ፊት ለፊት መናገር አለብን። ስንናገር ደግሞ የተለካ መረጃ በእጃችን ይኑር።

ብክለቱን በመቀነስ በኩል እኛም እጃችንን አላጣጠፍንም። ወደ ከተማው ስትገቡ ጋራው ላይ የሚዞሩትን የነፋስ ተርባይኖች ቁጠሩ። የአዳማ አንድና ሁለት ጣቢያዎች በድምሩ 136 ተርባይን አላቸው፤ 204 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላሉ። ብዙ ሰው ፎቶ ይነሳባቸዋል እንጂ ጥቅማቸውን ልብ አላለም። የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውሃ ነው። ግድብ በበጋ ይጎድላል። የእኛ ነፋስ ደግሞ የሚበረታው በበጋ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ሲነፍስ ግድቡ ውሃውን ይቆጥባል። ዝናቡ በማይታመንበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቻርጅ ማድረጊያ በበቂ ባይኖርም፣ ዋጋውም ለብዙ ሰው ባይቀመስም፣ አቅጣጫው ትክክል ነው። ባጃጁም ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞር የአዳማ አየር ምን ያህል እንደሚቀል አስቡት።

ስለ ችግኝ የተለየ ነገር ልናገር ነው፣ እንዳትቆጡኝ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አረንጓዴ አሻራ ብለን በየክረምቱ ወጥተን ተክለናል፤ እኔም ተክያለሁ፣ ወደፊትም እተክላለሁ። ግን በተራቆተና በተጋጋጠ ጋራ ላይ ችግኝ ብቻውን ጎርፍ አያቆምም። ሥር እስኪሰድ ዓመታት ይፈልጋል። አፈሩ የለማ፣ ውሃ የቋጠረ መሆን አለበት። መጀመሪያ እርከኑና ጉድጓዱ ይቆፈር። ውሃው እዚያው ጋራው ላይ ይቁም። ከብት ለጥቂት ዓመት እንዳይገባ ይከለል፤ ሣሩ በራሱ ይመጣል። ከዚያ ችግኙ ይተከል፣ በበጋም የሚያጠጣው ይኑር። የተተከለው ስንት ነው ብለን ከምንጠይቅ ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመው ስንት ነው ብለን ብንጠይቅ እመርጣለሁ።

ከተማው ውስጥስ? ከሁሉ በፊት የውሃ መውረጃ ላይ ቤት መሥራት ይቁም። ካርታ ያለውም የሌለውም። በበጋ ደረቅ የሆነ መሬት በርካሽ ይሸጣል፤ ገዥው ብዙ ጊዜ ሌላ አቅም የሌለው ሰው ነው። ስለዚህ አፍርሶ መሄድ መፍትሔ አይሆንም። ምትክ ቦታ ቀድሞ ይዘጋጅ። ከዚያ አዲስ የሚሠራው ቦይ በአዲስ ስሌት ይሠራ። ከ40 ዓመት በኋላ የሚጠበቀው ዝናብ ይታሰብበት። ወጪው ትንሽ ከፍ ይላል፤ የፈረሰ መንገድ ደግሞ ከመሥራት ግን ያንሳል። ያለው ቦይ ደግሞ ይጠረግ። ግማሹ አቅሙ በፌስታልና በሃይላንድ ተወትፏል። “ማዘጋጃ ቤት ያጽዳው” እንላለን። ያጽዳው፤ ግዴታው ነው። ፌስታሉን የጣለው ግን ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ሥራው የግንቦት ሥራ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ሰኔ ከገባ በኋላ ቦይ ውስጥ መግባት አደጋ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላስቀምጥ።

አንዲት እናት “ልጄ፣ እኔ ቆርቆሮ ቤትና ትንሽ ግቢ ነው ያለኝ፤ እኔ ምን ላደርግ እችላለሁ?” ብለው ጠየቁ። እማማ፣ ያ ቆርቆሮ ትልቅ ሀብት ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 1,000 ሊትር ውሃ ወርዷል። አንድ ሮቶ ሞላ ማለት ነው። አዳማ በዓመት ከሚጥልባት ዝናብ ሲሰላ ደግሞ ጣሪያዎ ላይ የሚያርፈው በብዙ አስር ሺህ ሊትር ይቆጠራል። አሸንዳ ያስገጥሙ። የመጀመሪያዎቹን የዝናብ ቀናት ውሃ ይልቀቁት፤ አቧራውንና የወፍ ቆሻሻውን ያጥብ። ከዚያ ያጠራቅሙ። ለልብስ፣ ለጓሮ ጎመን፣ ለመጸዳጃ ይሁን። ቧንቧ ሲቋረጥ ያድንዎታል። እርስዎ ያቆሙት 1,000 ሊትር ደግሞ ታች ሰፈር ላለው ጎረቤትዎ ያልወረደ ጎርፍ ነው። አንድ ሺህ ቤት ቢያደርገው ከአንድ ዶፍ 1,000,000 ሊትር ከመንገድ ላይ ተነሳ። ክዳኑን ብቻ አይርሱ፣ በትንኟ ምክንያት።

ሁለተኛው ጥያቄ የአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። “የድሮው መዝገብ አይበቃም ካሉ አዲሱን መዝገብ ማን ይያዝ?” አለኝ። ከምሽቱ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጣቢያዎች አሉት። ግን ዶፍ ሰፈር ይመርጣል። ፍራንኮ ላይ እየዘረገፈ ቦኩ ላይ ላያካፋ ይችላል። አንድ ጣቢያ ይህን አያይም። በከተማው ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ አንድ የዝናብ መለኪያ ቢኖራቸው ግን የትኛው ጋራ ላይ ምን ያህል እንደጣለ፣ የትኛው ሰፈር እንደተጥለቀለቀ አገናኝተን እናውቃለን። መሐንዲሱ የሚለምነው መረጃ ይኸው ነው።

ዕቃው ውድ አይደለም። አፉ ቀጥ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነ ግልጽ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮና አንድ ማስመሪያ ለጅምሩ ይበቃል። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በእንጨት አስራችሁ አቁሙት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቡ። ቀኑን፣ ሚሊ ሜትሩን፣ ዝናቡ የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት ጻፉ፤ ስንት ጣለ ብቻ ሳይሆን በስንት ደቂቃ ጣለ የሚለው ለቦይ ሥራ በጣም አስፈላጊ ነው። ያልዘነበ ቀንም ባዶ አይተው፣ 0 ተብሎ ይመዝገብ። ቅዳሜና እሁድ የሚያነብ ተረኛ መድቡ። ወር ሲሞላ አንዱን ቅጂ ትምህርት ቤታችሁ ያስቀምጥ፤ ሌላውን ለከተማው የመንገድና የውሃ መሥሪያ ቤቶች ስጡ። በሚመጣው ሰኔ ለመጀመር የፈለጋችሁ መምህራን ስማችሁን በር ላይ ባለው ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ከመለኪያው አተካከል ጀምሮ አብሬያችሁ እሠራለሁ።